የአሜሪካዊው ሰባት ቤት

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከፓርክ ሮያሉ ፋብሪካ መልስ እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ከትቼ ተቀምጫለሁ። ያው ሳንድዊች ስናሽግ ዋልን። ነገ ቅበላ ነው፤ ልጄ ባርኮት የፍቅር ጓደኛዋን ለምሳ ታመጣዋለች። ቴሬንስ ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ፣ የጆርጂያ ልጅ፣ እዚህ ለንደን ፊዚዮቴራፒስት ነው። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁ። አባቷ ዳኛቸው ግን ከሚነዳው አውቶቡስ ወርዶ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?" ይለኛል። እኔ ባተርሲ ቁጭ ብዬ የጆርጂያን ሰው በምን ልወቀው?

እሑድ፣ የካቲት 8

ጉድ ፈላ!

ምሳው አምሮ ነበር። ልጁ ሁሉንም በላ። ሚጥሚጣውንም በላ፣ እንባው ወረደ፣ ደግሞ በላ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ባርኮትን ላገባት እፈልጋለሁ፣ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ አለ። ዳኛቸው ሆዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሃያ ዓመት ለንደን ውስጥ አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ዛሬ እንግሊዝኛው ድንገት ጠፋበት። በአማርኛ፣ "በእኛ ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ቆጥሮ ይምጣ" አለ።

ባርኮት ፊቷ ቀላ። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ጎጃምና ጆርጂያ በምን ይዛመዳሉ?"

"እሱን ሲቆጠር እናያለን።"

ባሌን አላውቀውም? ልጄን አሜሪካ ይወስድብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። እምቢ ለማለት ደግሞ አፍ አጣ። ስለዚህ የማይሆን ነገር አዘዘ።

ልጁ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? ባርኮት ስትተረጉምለት ዓይኑ በራ። "ደስ ይለኛል ሰር። እኔም ሁሌ ማወቅ እፈልግ ነበር።" የዳኛቸውን ፊት ፎቶ ባነሳሁት ኖሮ!

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ልጁ ከሥራ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ከቅቤ ኬክ ጋር... በዐቢይ ጾም! ምን ያድርግ፣ የዋህ ነው። ኬኩን ለጎረቤት ሰጠሁት።

አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ቤት ለቤት ትቆጥራለች አለኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሁሉም ይጻፋል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ለሕዝብ ይከፈታል። የእናቱን ወገን ነው የሚቆጥረው። አንድ እናቱ። ሁለት አያቱ እማማ ኦፓል፣ ጆርጂያ አሉ፣ በሕይወት። በፈረንጅ 1950ው ቆጠራ እማማ ኦፓልን አገኘናቸው፤ የአሥር ዓመት ልጅ! አባታቸው ክሊቭላንድም እዚያው ቤት ተጽፏል። ሦስት። ስልክ ደውሎ ሲነግራቸው እንዴት ሳቁ!

ዳኛቸው ከጀርባችን ቴሌቪዥን ያያል። ድምፁን ግን ቀንሶታል።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ሰውዬው ውኃ ጠማኝ እያለ በላፕቶፑ አጠገብ ሲመላለስ አመሸ። ይህን ሁሉ ውኃ የት ያደርገዋል? በመጨረሻ መነጽሩን አምጥቶ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። "እንዳይሳሳት ቼክ ላድርግለት ብዬ ነው" አለኝ። ማን ጠየቀህ?

የክሊቭላንድን እናት አገኘናት። ኮራ። በ1900ው ቆጠራ ሃያ ሁለት ዓመቷ። በ1910ሩ ሃያ ስምንት። በሚቀጥለው ሠላሳ አራት። አሥር ዓመት ሲያልፍ እሷ ስድስት ብቻ ታድጋለች!

"ይቺስ አንቺን ናት" አለኝ ዳኛቸው።

ልጁ ሳቀ። አማርኛ ሳይገባው ነው የሳቀው ወይስ ባርኮት እያስተማረችው ነው?

እሑድ፣ መጋቢት 6

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተያይዘውታል። የኮራ ባል፣ የክሊቭላንድ አባት፣ ሞዝስ ይባላል። የሞዝስ አባት አይዛክ። አራት፣ አምስት። የአይዛክ የጋብቻ መዝገብም ተገኘ፣ 1871። መጻፍ አይችልም ነበርና ለፊርማ የመስቀል ምልክት አድርጓል። ጠመም ያለች ምልክት።

ዳኛቸው ብድግ አለ። "ሙሴ! ይስሐቅ! እነዚህማ የእኛ ስሞች ናቸው! አላልኩም? ሊዛመዱ ነው!"

"አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጎጃም የተጻፈ መሰለህ?"

ሁለት ቤት ቀረ። አሁን እንኳን ባርኮት እኔም ጓጉቻለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ዛሬ መሳቅ የለም።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ላፕቶፑን እንኳ ለመክፈት አልቸኮለም። አይዛክ በ1870ው ቆጠራ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። ከዚያ በፊት ግን ባሪያ ነበር። በ1860 ባሮቹን ለብቻ ነው የቆጠሯቸው። ገጹን አሳየን። የጌታው ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ፦ ወንድ፣ አርባ ዓመት። ሴት፣ ሠላሳ አምስት። ወንድ፣ አሥር። በቃ።

"ስማቸውስ?" አለ ዳኛቸው። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀው።

"አይጽፉም ነበር ሰር። ይህ የአሥር ዓመቱ ልጅ አይዛክ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ማወቂያ የለም። አዝናለሁ፣ ከአምስት በላይ የለኝም።"

ልጁ ይቅርታ ጠየቀ! እኛን! አንጀቴን በላው። ዳኛቸው ገጹን ብቻ ያያል። "ላምም እንዲህ አይቆጠርም" አለና መኝታ ቤት ገባ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ዳኛቸው አኩርፏል። ማንን እንዳኮረፈ አይናገርም።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ተናገረ! ልጁን አስጠራውና፣ "አሜሪካ ትወስዳታለህ?" አለው ፊት ለፊት። አፉ ተፈታ፣ ተመስገን።

"ኧረ እሷ ናት የምትወስደኝ፣ ሰር። ሃክኒ ቤት አይታለች።"

ሃክኒ! ይህን ሁሉ ወር የፈራው በአውቶቡስ የሚደረስበትን ነው። ዳኛቸው በረዥሙ ተነፈሰ። እኔ እሺ ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ችግሩ፣ ሰባት ብያለሁ" አለ። አዬ የወንድ ቃል! አሁን መፍቀድ ፈልጓል፣ የገዛ አፉ አሰረው። ከዚያ ሲያሰላስል ሰንብቶ ያገኘውን መላ አወጣ። የራሱን አባትና አያት ለልጁ ሊያውስ! ስድስተኛና ሰባተኛ አድርጎ!

"ዳኛቸው፣ የአንተን አባት ከቆጠረማ ከባርኮት ጋር ዘመድ ሆነ! በምን አፍህ ነው የምትድራቸው?"

ባርኮት ሶፋው ላይ ተንከባለለች፣ ልጁ ስትተረጉምለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የዳኛቸውን ትከሻ ይዞ ነው የሳቀው። እሱም አልሸሸውም።

ለእማማ ኦፓልም በስልክ ነገሯቸው። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ረጋ አሉና፣ "ለአባትየው ምስጋናዬን ንገሩልኝ። ግን እነዚያ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ስም ባይኖራቸውም ነበሩ። በቦታቸው ሌላ ሰው አታስቀምጡብኝ" አሉ።

ዳኛቸው ሰምቷል፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። "ልክ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። ታዲያ እሺታውስ? አልመጣም። ባርኮት እንደ ሳቀች አልሄደችም። በሩ ላይ፣ "እማዬ፣ እምቢ ቢልም አገባዋለሁ፣ ግን ሳይመርቀኝ ማግባት አልፈልግም" አለችኝ። አቅፌ ሸኘኋት። ምን እላታለሁ?

እሑድ፣ ሚያዝያ 11

ዳግማይ ትንሣኤ። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ብሎ ዳኛቸው ራሱ ነው የቀጠረው። የልጁ ወገን ሽማግሌ እማማ ኦፓል ናቸው፣ በቪዲዮ። ትልቅ ባርኔጣ አድርገው። ዳኛቸው ሙሉ ልብስ በገዛ ሳሎኑ! ምን እንዳሰበ ለእኔም አልነገረኝም። ጠዋት ሦስቴ ጠይቄው፣ "ታያለሽ" ብቻ።

ልጁ ተነሥቶ ቆጠረ። ለባርኮት ብሎ በአማርኛ። "አንድ፣ እናቴ ሬኔ። ሁለት፣ አያቴ ኦፓል። ሦስት፣ ክሊቭላንድ። አራት፣ ሞዝስ። አምስት፣ አይዛክ።" እዚያ ላይ ቆመና መሬት መሬት አየ። ባርኮት እጄን ጨበጠችኝ።

ዳኛቸው ከወንበሩ ብድግ አለ። ወደ በሩ ዞረ። ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ፣ "ኖር!" አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ፣ "ኖር!"

በሩ ላይ ማንም የለም። መጀመሪያ ነካው እንዴ ብዬ ነበር። ከዚያ ገባኝ። ተነሣሁ፣ ባርኮትም ተነሣች፣ ልጁ ቆሞ ነበር። ስልኩ ላይ እማማ ኦፓል ነገሩ ሳይተረጎምላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መልሱን የሚመልስ የለም። እኔ መለስኩላቸው። "በእግዜር።"

"ስድስት፣ ሰባት" አለ ዳኛቸው። "ሞላ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"