ስድስቱ ቁጥሮችና የሬዲዮኑ ጉዳይ

ይድረስ ለእታለም፣ ለእናቴ ልጅ፣ ለልጅነቴ ዳኛና ገራፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ መርዶ ስላለኝ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ለስድስት ዓመታት ያለ ደመወዝና ያለ ሕመም ፈቃድ በታማኝነት ሲያገለግለኝ የኖረው የይለፍ ቃሌ ባለፈው ሰሞን በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሟቹ አንቺ ባወጣሽልኝ «ጉንዳን» በሚለው የቤት ስሜና በተወለድኩበት ዓመት የተዋቀረ ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑ የስልኬም፣ የኢሜሌም፣ የባንኬም ቁልፍ ሆኖ ብቻውን ሠርቷል። በቀብሩ ላይ የተገኘነው እኔና አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነን። ለቅሶ ደራሽ አልመጣም።

መርዶውን ካረዳሁሽ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃው እኩሌታ ላይ ቆመሽ ቤታችሁን ፎቅ ላይ የሠራውን ሰው ትራገሚያለሽ? የእማዬ ዓይን ተሻለው ወይ? ልጅሽስ ጥርሷ በቀለላት? እኔን ብትይ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላውን ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ለምን በወረቀት እንደጻፍኩልሽ መቼም አንቺው ታውቂዋለሽ። ያን ማክሰኞ በሰው ስልክ ደውዬ «እኔ ነኝ» ብልሽ፣ «ትናንት የጻፈልኝም እኔ ነኝ ነው ያለው» አልሽኝ። ድምፄን አታውቂውም ወይ ብልሽ፣ ዛሬ ድምፅም ይሰረቃል፣ ወንድሜ ከሆንክ በእጅህ ጻፍልኝ፣ ያን የጉንዳን እግር የመሰለ ጽሕፈት የትም ያለ ሌባ አስመስሎ ሊጽፈው አይችልም ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼብሽም ተቀይሜሽም አላውቅም። ይኸው፣ ጉንዳኖቹ ተሰልፈው መጥተዋል፤ ቁጠሪያቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ የሆቴሉ ምድር ቤት ነው። ከላይ እንግዳ ይተኛል፣ ከታች እኛ የተኛበትን አንሶላ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሁሉ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የምንለዋወጠው ቃል «ትራስ» እና «ቶሎ» ነው። አንድ እሑድ ማሽኖቹ ሁሉ ተነሥተው ሲያጓሩ ስልኬ ጠራ። በራሳችን ቋንቋ፣ ያውም ለዛ ባለው አንደበት፣ «እንደምን ዋልክ ወንድም ዓለም» የሚል ሰው ነው። በቋንቋችን የደወለልኝ ሰው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አልወቅስሽም፤ አንቺም ቤት አለሽ።

ሰውየው የአገር ልጆች መረዳጃ ማኅበር እያቋቋሙ መሆኑን ነገረኝ። ወገቤን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምሳ የምበላው ብቻዬን ይሁን ከሰው ጋር ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እዚህ አገር ሐኪም እንኳ አይጠይቅም። ኋላ «አሁን ስድስት ቁጥሮች ይላኩልሃል፣ የአባልነት መለያህ ናቸው፣ አንብብልኝና ልመዝግብህ» አለኝ። ቁጥሮቹ መጡ። ከሥራቸው ለማንም እንዳትሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረ። እንግዲህ የማሽኖቹ ጩኸት ፋታ የማይሰጥ ስለነበረ ጽሑፉን በቅጡ ሳላየው፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። አመስግኖኝ ዘጋው።

ደቂቃም አልቆየ፣ ስልኬ ባለቤቱን አላውቅም አለ። መልእክት የምላላክበትን በር ሌባው ከውስጥ ቀርቅሮ እኔን ውጭ አስቀረኝ። በዚህም አላበቃም። የሚጽፍልኝ ሰው ሲሳሳ ለራሴ መልእክት መላክ ጀምሬ ነበር። «ሳሙና ግዛ»፣ «ጫማህን አሰፋ»፣ አንዳንዴም «እንዴት ዋልክ»። ለዚህኛው መልስ አልሰጠሁም፤ ሥራ ይበዛብኛል። እንዳልረሳው ብዬም ያን ምስኪን የይለፍ ቃል እዚያው ጽፌው ኖሯል። ሌባው ቤቱን ሲበረብር አገኘውና እስኪመሽ ኢሜሌንም ከፈተው። ባንኩን ያዳነው ሰፊው ነው።

ሰፊው ማለት የተቀደደ አንሶላ የሚጠግኑ፣ ጥግ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔና እሳቸው የምንግባባበት ቋንቋ ሃምሳ ቃል ቢሆን ነው፤ ግማሹ ስለ ክር ነው። ፊቴን አይተው ስልኬን ተቀበሉኝና ወዲያው በራሳቸው ስልክ ባንኩ ዘንድ አስደወሉኝ፤ ሒሳቡ ታገደ። ከዚያ ጨርቅ አንሥተው አንድ ጊዜ ሰፉና ሳብ ሲያደርጉት ተተረተረ። ሌላውን በድርብ ሰፍተው ቢጎትቱት፣ ቢጎትቱት፣ ወይ ፍንክች። ጨርቁን ከስልኬ ጎን አስቀመጡና አንድ ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ደረት ጠቆሙ። ለካ እሳቸውም አንድ ጊዜ ተተርትረው ኖሯል። ይኸው አሁን ለየበሩ የተለያየ ረጅም የይለፍ ቃል አለኝ፤ በዚያ ላይ ሌላ ሰው ቃሉን ቢያገኘው እንኳ የሚያስቆመው ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገብቻለሁ። ድርብ ስፌት ነው።

ሌባው በስሜ ምን እንደጻፈልሽ የሰማሁት ከባልሽ ነው፤ ከአንቺ ተደብቆ ያን ማክሰኞ በደወልኩበት በሽማግሌው ሰፊ ስልክ ላከልኝ። «ውድ እህቴ ሆይ፣ ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ፣ ገንዘብ ድረሺልኝ» አለሽ አሉ። ውድ እህቴ ሆይ! አንቺም መጀመሪያ የአባባን ሬዲዮ ማን እንደሰበረው ንገረኝ ብትይው፣ «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ መለሰ። ያኔ ነው አሉ ከመቀመጫሽ ተነሥተሽ፣ «ይሄ ወንድሜ አይደለም፤ ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድመቷ ናት ሲል የኖረ ነው» ያልሽው። እውነት ተናግሮ የተያዘ ሌባ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ባልሽ ግን ለማያውቀው ቁጥር፣ ማን ነህ እንኳ ሳይል፣ የቤቱን ጉድ ሁሉ ዘረገፈው። በቤታችሁ መቀርቀሪያ የሌለው በር እሱ ነውና ተይ ምከሪው። ሌላ የመለያ ጥያቄ ምረጪ፤ መልሱን ለእሱ አትንገሪው።

እማዬንም አደራ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ሲመጣላት መርቃ የምትጫነው ነገር ይቅርባት፤ ያልቆረጡት ሎተሪ አይወጣም በያት። ቶሎ በሉ፣ ሰዓቱ አለቀ የሚል ሁሉ ይጠርጠር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከባንክ ነኝ ባለ ሰው ላይ ስልኩን ዘግቶ፣ በሚያውቁት ቁጥር ራስ መልሶ መደወል ነው። እነዚያን ስድስት ቁጥሮች ግን እኔ ራሴ እያለቀስኩ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ።

ከሳምንት በኋላ በሩ ተከፈተልኝ፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ሁሉን ጠርጎት ሄዷል። ሌላው ይቅር፣ የእማዬ ድምፅ ነበረኝ። «ልጄ በላህ ወይ? ቆይ እስቲ፣ ያቺ ድመት ጠረጴዛ ላይ ወጣች» ትልና ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድመቷን ስታባርር ነው የሚሰማው። የዚያን ዘር ጠባይ እንግዲህ እኔ አልናገርም። አንሶላ ስተኩስ በየቀኑ እሰማው ነበር። እባክሽ እንደገና ቅጂልኝ፤ ሳትዘጋጅ፣ እንዲያው እንደወጣላት ትናገር። ድመቷም ትኑርበት።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ለልጅሽ፣ አጎትሽ የወለቀውን ጥርስሽን ፎቶ አይቶ ሳቀ በያት። ለባልሽም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ መልእክቱ ግን ከእኔ መሆኑን አጣራ ብለሽ ንገሪው። ለድመቷ ሰላምታ የለኝም። አዲሱን ቁጥሬን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እመልሳለሁ። ብቻ ደውዪ።

ከምድር ቤቱ፣ ከሦስተኛው ማድረቂያ አጠገብ
ኅዳር ፲፩ ቀን

ማረሚያ፦ ከላይ ስድስቱ ቁጥሮች በተነበቡበት ጊዜ ማሽኖቹ ይጮሁ እንደነበር የተገለጸው ስሕተት ስለሆነ በሚከተለው እንዲታረም እናሳስባለን። እሑድ ማሽኖቹ አይሠሩም፤ የሚገቡት አጣፊና ሰፊ ብቻ ናቸው። ጸጥታ ነበር። ማስጠንቀቂያውም ሁለት ጊዜ ተነቧል። ቁጥሮቹ የተሰጡት ሰውየው ስልኩን እንዳይዘጋ ነው። ሬዲዮኑን በተመለከተ ግን የሚታረም ነገር የለም።