የሮቢት አፈር በወንፈል

ሙንተሲር ወንድሜ፣

«አስተማሪያችን ሁለት ሰው ነው» ስትል አንዷን ተማሪዬን ሰማኋት። እውነቷን ነው፤ ጠዋት ረዳት አስተማሪ ነኝ፣ ከሰዓት የማስተርስ ተማሪ፤ ምሳ የሚደርሰው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። የእነሱን ደብተር ሳርም፣ ከሮቢት ማሳህ የላክህልኝ አፈር ሳይነፋ ተቀመጠ፤ እስከ ሰኞ ላቦራቶሪ ካላስገባሁት ዓመቱ ሊያልፈኝ ነው። ክፍል ውስጥ፣ አገሬ ብሆን ወንፈል ጠርቼ በዘፈን እንጨርሰው ነበር አልኩ፤ ለጨዋታ። ቅዳሜ አሥራ አንዱም ሃንጋሪ ተማሪዎቼ ወንፊት ይዘው ከች! «ዘፈኑስ?» አሉኝ። ድምፄን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ተቀበሉኝ። ሳይመሽ አለቀ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እትዬ ኡሙሃኒን ሳምልኝ። ወንፈል እንደምታውቀው ይመለሳል፤ ማክሰኞ ይፈተናሉ፣ የማርመው እኔ ነኝ።

አላምረው