በአቮካዶአችን ላይ የተጻፈው «የውሃ እጥረት» እንዲሰረዝልን

ለመኖሪያ ሰፈሩ የአረንጓዴና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 11

ጉዳዩ፦ ውሃ ጠግቦ የታመመ የአቮካዶ ዛፍ «በውሃ እጥረት ደርቋል» ተብሎ እንዲቆረጥ የተሰጠው ትዕዛዝ እንዲሻርልኝ፣ እንዲሁም ባለቤቴ ውሃ ማጠጣቱን እንዲያቆም በማኅተም እንዲጻፍልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

ጽሕፈት ቤትዎ ለሰፈራችን ዛፎች የሚያደርገውን ክትትል በአድናቆት ከሚመለከቱት ነዋሪዎች አንዷ ነኝ። አድናቆት ያልኩት ለወግ የሚመጥን ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የጥጉ ቤት ነዋሪ ስሆን፣ ባለቤቴም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበረ፤ አሁን እንደኔው ጡረተኛ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ቦቴ» ይሉታል። ለምን እንደሚሉት ዝቅ ብሎ ከተጻፈው ይረዱታል።

1. ባለፈው መጋቢት ጽሕፈት ቤትዎ ለየቤቱ አንድ ገጽ መመሪያ በማኅተም አድሎ ነበር። ፍሬ ነገሩ «በግቢ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዛፍና ቁጥቋጦ በየቀኑ ግንዱ ሥር ውሃ ይጠጣ» የሚል ነው። ትናንት የተተከለውም በየቀኑ፣ ሃያ ዓመት የቆመውም በየቀኑ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረውም በየቀኑ። እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል አንድ ሐኪም «በክፍሉ ውስጥ ላለ ሁሉ በየቀኑ ሁለት ከረጢት ግሉኮስ ይሰጠው፣ አስታማሚዎችም አይቅሩ» ብሎ ቢያዝ ኖሮ፣ መጀመሪያ አልጋ የምናሲዘው ሐኪሙን ነበር። የእናንተ መመሪያ ግን ማኅተም ስለነበረው የጠየቀ የለም።

2. ተቆጣጣሪዎቻችሁ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ሳምንት አጉድለው አያውቁም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ግንዱ ሥር ያሳርፋሉ፤ ከረጠበ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ካልረጠበ ያስጠነቅቃሉ። አንድ ክንድ ወደ ታች ምን እንዳለ የጠየቀ ተቆጣጣሪ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ በሥራ ዘመኔ ግንባሩን ብቻ ዳብሼ «ድነሃል፣ ሂድ» ብዬ የሸኘሁት በሽተኛ አልነበረኝም፤ ምናልባት ጊዜዬን በከንቱ አባክኜ ይሆናል።

3. አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። እሱ ውሃን የሚያውቀው በአንድ መልኩ ነው፤ በሙሉ ግፊት። መመሪያው እጁ የገባ ዕለት ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ጎማውን ዘርግቶ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆምና ግንድ ይገርፋል። ለአቮካዶው አሥር ደቂቃ፣ ለጽጌረዳዎቹ አምስት አምስት ደቂቃ። ውሃው አፈሩን እየጠረገ በበር ሥር ወጥቶ መንገድ ላይ ይተኛል። በክረምቱ እንኳ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ያጠጣ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎም ይህን አይቶ አልተኛም፤ «አርአያ አጠጪ» የሚል የምስክር ወረቀት ሸለመው። ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ የሰርጋችን ፎቶ በነበረበት ቦታ ተሰቅሏል። ፎቶው ወደ ጓዳ ተዛውሯል።

4. አቮካዶውን የተከልነው እዚህ ቤት የገባን ዓመት ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ሁለት ወር የውሃ ሽታ ሆኖ ከቆየ በኋላ አንድ ባለሙያ በመኪና መጣ። ከመኪናው አልወረደም። መስታወቱን እንኳ ዝቅ አላደረገም፣ አቧራ ይገባል ብሎ ይሆናል። በመስታወቱ ውስጥ ዛፉን አይቶ «የውሃ እጥረት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታም ማጠጣት ያዘ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ለሳምንት ያህል አማረበት፤ ከዚያ ቅጠሉ እንዳለ ረገፈ።

5. እኔ የዛፍ ባለሙያ አይደለሁም፤ መኪናም የለኝም። ስለዚህ በእግሬ ሄጄ ግንዱ ሥር ረጅም ካቻቢቴ ሰካሁ። እጀታው ድረስ ያለ ምንም ትግል ገባ። ቆፈር ሳደርገው የወጣው ሽታ ቁስሉ ሳይታጠብ የሰነበተ በሽተኛ ሽታ ነው፤ ሥሩም ጠቁሮ በጣቴ መካከል ሟሟ። ሥር እንደኛው ይተነፍሳል፤ ቀን ከሌት ውሃ ውስጥ ከከረመ ይታፈናል። የታፈነ ሥር መጠጣት ስለሚያቅተው ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። በመኪና መስታወት የታየው ያ ነው።

ማስረጃ ቢፈለግ ይኸው። ባለቤቴ እስከ ቅርብ ጊዜ ያጠጣበት ጎማ ሃያ ሜትር ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የአጥር ቁጥቋጦና አንዲት የሎሚ ዛፍ ያሉት ሃያ ሦስተኛው ሜትር ላይ ነው። ያ ጎማ ይደርስበት የነበረው ሁሉ ገርጥቷል፤ ያልደረሰበት ሁሉ አረንጓዴ ነው። እነዚያን የማጠጣው እኔ ነኝ፣ ሥሩን በሚስማር በበሳሁት ባልዲ። ባልዲውን ከግንዱ አርቄ፣ የቅርንጫፎቹ ጥላ ጫፍ በሚያርፍበት ዙሪያ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት እዚያ እንጂ ግንዱ ጉያ ውስጥ አይደለም። ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ ሞልቼ ወደ ጎን አዛውረዋለሁ፣ ዙሪያው እስኪዳረስና ካቻቢቴው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል በቀላሉ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ በቃ። ደግሜ ከመንካቴ በፊት በጣቴ ቆፍሬ ከሥር መድረቅ መጀመሩን አያለሁ፤ አንዳንዴ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እዚያው ከሎሚዋ አጠገብ ዘንድሮ የተከልኳት ጽጌረዳ ግን ሥሯ ገና የማሰሮዋን ያህል ስለሆነ በሁለት በሦስት ቀን፣ እግሯ ሥር ትጠጣለች። ሕፃንና አዋቂ አንድ መጠን መድኃኒት አይወስዱም። አፈሩ ላይ የረገፈ ቅጠል አለብሳለሁ፣ ግንዱን ሳላስነካ። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

6. ባለቤትሽን ለምን አልመከርሽም ይሉ ይሆናል። መከርኩት። የጠቆረውን ሥር በሳህን አድርጌ አቀረብኩለት። አየት አደረገና መመሪያው ማኅተም አለው አለኝ። ጎማውን ደበቅኩት፤ ሠላሳ ሜትር የሆነ አዲስ ገዝቶ መጣ፤ የሎሚዋ ዕድሜም እዚያው አጠረ ብዬ ደነገጥኩ፤ ደግነቱ እስካሁን ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ አልዞረም። ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ከጎረቤት በባልዲ መቅዳት ጀመረ፣ ወገቡን በሚያመው ሰው እጅ፣ ሁለት ሁለቱን። በሁለተኛው ምልልስ ራሱ ባጨቀየው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። አንስቼው፣ ጉልበቱን አጥቤ፣ ሄጄ መዝጊያውን በገዛ እጄ ከፈትኩት። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ማኅተም ተበለጥኩ።

7. ኅዳር 4 ቀን ባለሙያው ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ከመኪናው ወርዷል፣ ሐሜት አልወድም። ወርዶ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት ቀባና አንድ ወረቀት ለባለቤቴ ሰጠው። «በባለንብረቱ የውሃ እጥረት የደረቀ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቆረጥ» ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሞኙ ቀጠሮ እንደሚሰጠው ግን አላውቅም ነበር። ዛፉ ደግሞ አልሞተም። ቅርፊቱን በጥፍሬ ስፍቀው ከሥር አረንጓዴ ነው፤ ግድግዳው በከለለው በኩል፣ ውሃው በማይረጨው ጎን፣ ሁለት እንቡጥ አውጥቷል።

ባለቤቴ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጠጣቱን ወደ ሦስት ጊዜ አሳድጎታል፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ።

8. ይህችን ተራ ቁጥር ለጽሕፈት ቤት መጻፍ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ከማግባታችን በፊት፣ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ እሳት የያዘው አንድ ቤት ሲያጠፋ የመኪናው ውሃ አለቀ። ሁለተኛው መኪና እስኪደርስ ውስጥ ገብቶ አንዲት ልጅ አወጣና ራሱ ተሸክሞ ሆስፒታል አመጣት። ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ አልተረፈችም። እሱ ልብሱ ላይ የነበረው ውሃ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልነግረው ስወጣ ሳልናገር ገባው፤ «ውሃው አነሰ» አለኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ የተናገረኝ ቃል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞት አያውቅም፣ እኔም አንስቼበት አላውቅም፤ ጎማ በያዘ ቁጥር ግን አያለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለሙያዎ ሌላ ቃል ሞልቶ ሳለ ያቺን መርጦ ጻፈ። ተባይ ቢል፣ እርጅና ቢል፣ የሚስቱ ስንፍና ቢል ግድ አልነበረኝም። እኔን ያንገበገበኝ ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ያን ወረቀት ደጋግሞ ሲያነብ ማየቴ ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት እንዲፈጸሙልኝ በትህትና እጠይቃለሁ፦

ሀ. የመቁረጡ ትዕዛዝ እስከ መጪው ክረምት እንዲታገድልኝ። ዛፉ ካልዳነ መጥረቢያውን ራሴ አቀብላለሁ።

ለ. «በባለንብረቱ የውሃ እጥረት» የሚለው ተሰርዞ ጥፋቱ የመመሪያው መሆኑ እንዲጻፍ። ጽሕፈት ቤቱ ጥፋቱን ጽፎ የማያውቅ ከሆነ አረቃቀቁን አሳያለሁ። ባለቤቴ ያጠጣው እንደታዘዘው ነውና ምስክር ወረቀቱ አይነካበት፤ ለፎቶው ሌላ ምስማር አለን።

ሐ. መመሪያው ተነስቶ ከዚህ ጋር ያያያዝኩት ግማሽ ገጽ እንዲተካ። ተቆጣጣሪዎችም በመዳፍ ፋንታ አንድ አንድ ካቻቢቴ ይያዙ።

መ. ለባለቤቴ በስሙ፣ በራስጌ ወረቀት፣ የሚከተለው ደብዳቤ እንዲደርሰው፦ «ውሃው አላነሰም። በቂ አጠጥተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ጎማውን ጠቅልለው ይረፉ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨመርበት። ማኅተሙ ግን ደብዘዝ እንዳይል በደንብ ይመታ፤ ወደ መስኮት ወስዶ ነው የሚያየው። እኔማ ይህንኑ በየጠዋቱ እነግረዋለሁ፤ ምን ያደርጋል፣ ማኅተም የለኝም።

ልኩን ከጠበቀ ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የጋሼ ቦቴ ባለቤት፣ ጡረተኛ ነርስ
የጥጉ ቤት

ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥ፤ ለባለቤቴማ በፍጹም።