ለልጄ ቁስል ባለቤት ይፈለግልኝ

ለክቡር የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ማርያማዊት ናት። በጀርባዋ ተኝታ፣ ወረቀቱን ትሪ ላይ አስደግፋ ነው የምትጽፈው። ቃሉ ግን የእኔ የገረሱ ቱሉ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ በዚህም አፍሬ አላውቅም። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወርደው ገረሱ ዘበኛው ቤት የት ነው ቢሉ የማያሳይዎት ሰው የለም። ልጄ ቃሌን እንዳታለሰልስ አስጠንቅቄያታለሁ፤ እሷም እሺ ብላለች።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የበሉት እንዲስማማዎ፣ የተቆረጠ ገላዎ ቶሎ እንዲገጥምልዎ፣ ሲተኙም በፈለጉት ጎን እንዲገላበጡ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ቤት እነዚህ ነገሮች ስለጠፉ ዋጋቸውን አውቀነዋል።

የክሊኒኩን ስም አላስጻፍኩም። ደብዳቤው በዕድራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ሰው ስምዎን አይቶ እንዳይጎርፍብዎና ሥራ እንዳይበዛብዎ አስቤ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ልጄ ወፍራም ነበረች። ታክሲ ላይ ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍላት ነበር፤ መንገድ ላይ ልጆች ይከተሏት ነበር። ጉልበቷ ሲያቅታት፣ ስኳርም ሲጀምራት፣ ሆድ የሚያሳንሱ ሐኪሞች ዘንድ ሄዳ ጨጓራዋን አስቆረጠች። ከሳች። የሰውነቷ እኩሌታ ሄደ፤ ቆዳው ግን አብሮ አልሄደም። ከእምብርቷ በታች እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሎ፣ እጥፋቱ ሥር እያላበው ይቆስል ነበር። ያንን ትርፍ ቆዳ ቆርጦ የሚሰፋው የእርስዎ ክሊኒክ ነው ተባለ። ቆረጣችሁ፤ ሰፋችሁ። ከዳሌ እስከ ዳሌ የሄደው ስፌት ቀጥ ያለ ነበር፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ መሀሉ ተከፈተ። ዛሬም ክፍት ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቢሮ ያለ ሰው ቁጥር ይወዳል ያለችኝ ልጄ ናት።

፩ኛ. ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ ከእናንተ ዘንድ ስትወጣ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ቆመው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ምክር ሰጧት፤ በደንብ ተመገቢ፣ ግን መልሰሽ እንዳትወፍሪ ተጠንቀቂ አሏት። ምን እንደምትመገብ አልነገሯትም። ዕድሜዋን ሙሉ በውፍረቷ የተሰደበች ሴት ከሁለቱ የትኛውን ትሰማለች ብለው ገምተው እንደሆነ አላውቅም። ሁዳዴም ገብቶ ነበር። ጎረቤታችን ሙሉወርቅ እንቁላል ልቀቅልላት ብትል፣ ልጄ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ እንዳትወፍሪ ነው ያሉኝ፤ ደግሞም ጾም ነው» አለችኝ። እግዚአብሔርንም ዶክተሩንም በአንድ ጊዜ ያስደሰተች መስሏት ነበር። እኛም መስሎን ነበር።

፪ኛ. ስለ ሰፈራችን ወግ ስላልጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ታሞ ተኛ ከተባለ ዕድርተኛው ሁሉ ይመጣል፤ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ሳያጎርስም አይሄድም። በጾም የሚመጣ ጠያቂ ደግሞ የሚይዘው የታወቀ ነው፤ አጥሚት፣ ሙዝ፣ ለስላሳ፣ የጾም ብስኩት። የልጄ ጨጓራ ከተቆረጠ ወዲህ ከጭብጤ አይበልጥም። ሙሉወርቅ በአንድ ማንኪያ አጥሚት በሞቴ አለቻት፤ ዋጠች። ቀጥላ የመጣችው በሙዝ በሞቴ አለች። ከእሷ በኋላ የመጣው አዛውንት በለስላሳ በሞቴ ብሎ፣ ካልጠጣሽ እዚሁ ወንበር ላይ አድራለሁ አላት። በሞቴ ተብሎ የተሰጠን ነገር መመለስ እኛ ዘንድ ሰጪውን ሙት እንደማለት ነው፤ ልጄ ደግሞ ሰው ማስቀየም አትችልም። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ስትበላ እየዋለች ቁስሏ አንድ ጉርሻ አልደረሰውም። እኛ ግን ጠያቂ በዛ፣ ልጅቷም በላች ብለን ደስ ብሎን ነበር።

መጀመሪያ እንቁላል፣ መጀመሪያ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ እጾማለሁ ካለች ባቄላና ምስር፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው በኋላ ብትሉን ኖሮ፣ እኔው በር ላይ ቆሜ አጥሚቱን ከነሣህኑ እመልሰው ነበር። ዘበኝነት ሥራዬ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልጠየቅኳችሁም ነበር።

፫ኛ. ይህንን ልጄ አልጽፍም አለች። የገላዋ ጉዳይ ስለሆነ መብቷ ነው። ቁጥሩን ብቻ ትታዋለች፤ ባዶውን ተዉት።

፬ኛ. ስለ እውቀታችሁ አመሰግናለሁ። መሀሉ ሲከፈት፣ መቀመጥ ስለማትችል የታክሲውን የኋላ ወንበር ሙሉውን ይዤ፣ አስተኝቼ አመጣኋት። ዶክተሩ ደሟን አስመረመሩ። ሥጋ የሚሠራው ነገር፣ ፕሮቲን የሚሉት፣ በደሟ ውስጥ አንሷል፤ ብረቱም ወርዷል አሉኝ። ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ይህ እንደሚያጥረው የታወቀ ነው፤ ከመቀደዷ በፊት መታየትና መስተካከል ነበረበት ብለውም ወቀሱኝ፤ ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ይመስል። እውቀታችሁን አላቃልልም። የዘገየው ለቁስሉ ነው እንጂ ሙሉ እውቀት ነው። እንግዲያው ምን ትብላ፣ ማንስ ይከታተላት ብዬ ብጠይቅ «አባት፣ የእኛ ሥራ ቆዳው ነው» አሉኝ። ጨጓራዋን የቆረጡት ዘንድ ሄድኩ። የእነሱ ሥራ ጨጓራው እንደሆነ፣ ቁስሉን የሰፋው ሰው እንዲያየው ነገሩኝ።

ስለዚህ የልጄ ቆዳ ባለቤት አለው፤ ጨጓራዋም ባለቤት አለው። የምትውጠው ምግብና የማይገጥመው ቁስሏ ናቸው ባለቤት ያጡት።

፭ኛ. ስለ ዘበኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህ ሽሙጥ አይደለም። ባለፈው ስመጣ ቀጠሮ የለዎትም ብሎ መለሰኝ። ትእዛዝ ነው። ዕድሜዬን በር ላይ ስለቆምኩ፣ ሰው ሲመልስ የሚያፍር ዘበኛና የማያፍር ዘበኛ ለይቼ አውቃለሁ። እሱ መሬት መሬት እያየ ነው የመለሰኝ። በግቢያችሁ ሌላ ያፈረ ሰው ስላላየሁ፣ ክቡርነትዎ ዕድገት እንዲሰጡት በትሕትና አመለክታለሁ።

የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረአምላክ የስፌቱን መከፈት ሰምተው መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ ቁስሉንም አዩ። ከዚያ «ሐኪሙ አንድ ቃል ቢልክብኝ እንቁላሉን በእጄ አጎርሳት ነበር፤ ቁስለኛን ማን ጹም አለው» አሉ። የእርስዎ ክሊኒክ ከአልጋ ሲያስነሳት የጠየቃት ስልክ ቁጥሯን ብቻ ነው። ትጾሚያለሽ ወይ፣ ቤትሽ ማን ያበላሻል የሚል ጥያቄ ከማንም አፍ አልወጣም።

አሁን በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ጠያቂ የያዘውን ሣህን ሳልከፍት አይገባም። እንቁላል ያመጣ ይገባል፤ አጥሚት ያመጣ አጥሚቱን እኔ እጠጣለሁ። ሙሉወርቅ ጉምሩክ ብላ ሰድባኛለች። ይሁን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋሻውን ትቀይራለች፤ እሷም ቁስሉ ጥልቅ ስለሆነ ምግብ ብቻውን አይበቃውም፣ የሰፋው ሐኪም ማየት አለበት፣ ትኩሳት ከጀመራት ደግሞ አደጋ ነው ብላለች።

ሰው ሁሉ ተቆጥተሃል ወይ ይለኛል። አልተቆጣሁም። መጀመሪያ ሰሞን እቆጣ ነበር መሰለኝ፤ አሁን አላስታውሰውም። ፋሻው ሲፈታ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም ብዬ ነው የማየው፤ ዘበኛ በር እንደሚያይ። ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። እሷም አታለቅስም። ስትጽፍ ቀና ብዬ አየኋት፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምትጽፍ ነው የምትመስለው።

ስለ ገንዘብ አልናገርም፤ ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም። መለመን አላውቅበትም፤ እጠይቃለሁ። ቁስሏንም ምግቧንም አንድ ላይ ይዞ፣ የእኔ ናት የሚል አንድ ሐኪም በስሙ ይመድቡላት። በዚህ ሳምንት ጠርተዋት ይዩአት። በሩ ላይ ስሟን ይተዉልኝ፤ ዘበኛው እንደገና መሬት እንዳያይ።

ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ጀምሮ መጨረሻውን ለእኛ ለተወልን ክሊኒክዎ የላቀ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ በሥራዎ ላይ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ እላለሁ።

ገረሱ ቱሉ
(የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለዕድራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ
ጨጓራዋን ለቆረጡት ሐኪሞች
ለዘበኛው

ማሳሰቢያ፦ መልስ የሚጽፉ ከሆነ በአማርኛ ይሁን፤ የምታነብልኝ ልጄ ናት። በዚህ ቤት ከእሷ ሌላ ፊደል የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ትኩሳት አልነበራትም። እሷ ማንበብ እየቻለች የሚደርስ ከሆነ ይላኩት፤ ሌላ ሰው ጠርቼ የማስነብበው ከሆነ ግን ወረቀቱን አያባክኑ።

በቃ ማርያማዊት፣ እዚህ ላይ ይብቃ። እስቲ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።