አባባ የጠቆሙት ወሰን

ለውድ እህቴ ለፈይሩዛ፣

የአባባ የጭንቅላት ምርመራ ውጤት ማክሰኞ ዕለት ከአዳማ መጣ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? ጅብሪልና ትንሿ ሃዊ ደህና ናቸው? አረፋንስ እንዴት ዋላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ዝናቡም በጊዜው ገብቷል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በደወልሽ ቁጥር አባባ "ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ልጄን ልስማት" ስለሚሉኝ ነው። ወደ እናንተ የሚመለሰው ነስረዲን ደብዳቤውን እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

ሐኪሙ ለብቻዬ ፎቶውን እያሳየ አስረዳኝ። ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል ቀጫጭን ደም ስሮች ግድግዳቸው ይደነድናል፣ መተላለፊያቸው ይጠብባል። የአባባን ደግሞ የደም ግፊቱ ለዓመታት ሲያደክማቸው ኖሯል። ደም በደንብ ሳይደርሳቸው የተጎዱ ትንንሽ ቦታዎች ይታያሉ፤ እሳቸው ግን አንዱም አልተሰማቸውም። የሚረሱት ከዚህ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ግፊቱ ከተያዘ ግን የሚመጣውን ማዘግየት ይቻላል አለኝ። በኋላ አባባን አስገብቶ ሲጠይቃቸው፣ ለካ ኪኒኑን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር። "ሳያመኝ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?" ብለው ሐኪሙን አሳቁት።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። በግንቦት ወር፣ ከሁሩታ ወዲያ ያሉት ጉደታና ቱፋ በስንዴ ማሳቸው ወሰን ተጣልተው ሽማግሌዎች አባባን ወሰዷቸው። አባቶቻቸው መሬቱን ሲካፈሉ ቆመው ካዩት ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አባባ ጉድባውን ጠቆሙ፤ ከጉድባው ወዲህ ያለው የቱፋ መሬት ለጉደታ ሆነ። ማንም አልተከራከረም። የጎሳችንን አባቶች እስከ ዘጠነኛው አያት ሳይደናቀፉ የሚቆጥሩትን ሰው ማን ረስተው ይሆን ይላል? እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ "የነጉደታ ነገር መቼ ነው የሚታየው?" አሉኝ። አይተው ጨርሰዋል እኮ ብላቸው "አንተ ደግሞ መቼ ሽማግሌ ሆንክ?" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ወሰኑ የዝግባው ጉቶ እንደሆነ፣ ጉድባውን በኋላ ጎርፍ እንደቆፈረው፣ ያን ቀን ማን የት እንደቆመ ሳይቀር ነገሩኝ። የቱ እውነት እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ለሽማግሌዎቹ ብናገር፣ አባባ በአርባ ዓመት ያስታረቁት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ዝም ብል ቱፋ መሬቱን እንዳጣ ይቀራል፤ አምስት ልጆች አሉት። እማማ "አባታችሁን በሰው ፊት እንዳታዋርዱብኝ" እያለች ታለቅሳለች። እኔ ያሰብኩት ውጤቱን አስቀድመን ለራሳቸው ነግረን፣ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ እሳቸው በአንደበታቸው "ያን ቃሌን አትያዙት" እንዲሉ ነው። አንቺ የሁላችን ታላቅ ነሽና ሳልሰማሽ አላደርገውም።

እማማ የሃዊን ግንባር ሳሚልኝ ብላለች። ለጅብሪል የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤቴ ፋጡም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላችኋለች። አባባ ስጽፍ አይተው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ላንቺ ነው ስላቸው "ደህና ነኝ በላት" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወሰኑ ላይ ድንጋይ ለመትከል ቅዳሜ ሰኔ 21 ጠዋት ይሰበሰባሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ብቻዬን ስለምሆን በዚያን ሰዓት ደውይልኝ።

ወንድምሽ ሰኢድ
አሰላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.