የአባባ ማሾዎችና የሜራን ሠርግ

ወንድሜ ማንሲ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ኒውዚላንድ ድረስ ይድረስህ። እንደምን አለህልኝ? ወገብህን ተሻለህ? ጆይስስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? በጎቹን ሸልታችሁ ጨረሳችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቴን ከማለት በቀር ዓይኗም ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ለሜራን የላክኸው ብርድ ልብስ ደርሷል፤ ልጄ ገና ከመፍታቷ አልጋዋ ላይ አነጠፈችው።

ስለ ሠርጉ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ ብለሃል። እሺ፤ ግን ከአባባ ማሾዎች ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ዓሣ ማጥመዱን ካቆመ ወዲህ በየጎተራው የተጣለ የላምባ ማሾ እየሰበሰበ እንደሚጠግን ታውቃለህ። አሁን ከቤቱ ጀርባ ያለው ጎጆ በነሱ ተሞልቷል። አንዱን ያገኘው ዶሮዎች ውሃ ሲጠጡበት ነው። የጎበጠውን አቃንቶ፣ የተቀደደውን በይዶ፣ ለፓምፑ የሚሆን ቆዳ ሲያጣ የገዛ ጫማውን ምላስ ቆርጦ ሠራለት። ያ ዶሮ የጠጣበት ቆርቆሮ ዛሬ ክፍሉን ቀን ያስመስለዋል። እማዬ አፏን ከፍታ ስታየው ቆየችና "እኔንም እንዲህ ብታድሰኝ ምን ነበረበት?" አለችው።

ከታች ከባሕሩ ዳር ያለው ኦሊም እንደ አባባ ማሾ ሰብሳቢ ነው። ሁለቱ ግን በዚሁ ማሾ ሰበብ ተኳርፈው ከርመዋል። አባባ ናሱን እስኪያንጸባርቅ ይወለውላል፤ ኦሊ ደግሞ "ዕድሜውን ፍቀህ ጣልክበት" ይላል። በዚህ ተጀምሮ እስከ አያት ቅድመ አያት ተሰዳደቡ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቄሱ ልጆቹን አጋብተው እንደ ጨረሱ ነፋሱ ተነሣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደምታውቀው በዚህ ወር ሲጨልም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ወደቁ። እስከ ነገ መብራት የለም ተባለ። አዳራሹ ውስጥ የበግ ሾርባው ተቀቅሎ፣ ቫዮሊን ተጫዋቾቹ መጥተው፣ ሰው በጨለማ ቆመ። "ለሌላ ቀን ይሁን" የሚሉ በዙ። ሜራን በነጭ ቀሚሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አባባ "ማሾ ሞልቶኝ የልጄ ልጅ ጨለማ ውስጥ አትዳርም!" ብሎ ወደ ጎጆው ሮጠ። ነፋሱ ግን ቀድሞታል። ጣሪያውን ገልጦ፣ ማሾዎቹን ቢተዋቸውም መረቦቻቸውን ከነሣጥናቸው ባሕር ውስጥ ከቷቸዋል። መረቧ ነበልባሉ ላይ የምትንጠለጠለው፣ ያንን ነጭ ብርሃን የምትሰጠው የክር ከረጢት ናት፤ እሷ ከሌለች ማሾው ባዶ ቆርቆሮ ነው። በደሴቲቱ ላይ ሌላ መረብ ያለው ኦሊ ብቻ ነበር። እኔ ልሂድ ስለው "እግር አለኝ" አለኝ። አንዱን ማሾ በብብቱ ይዞ በዚያ ነፋስ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ኦሊ በሩን ከፍቶ ትንሽ አየውና "ነፋሱ ነው የጣለህ ወይስ ቸግሮህ ነው?" አለው።

"ሁለቱም። መረብ ፈልጌ ነው። የልጄ ልጅ ሠርጓ ጨልሞባታል።"

ኦሊ ማሾውን አገላብጦ አየው። "ይሄን ምስኪን ደግሞ ማንኪያ አስመስለኸዋል።"

"ያንተዎቹስ ዶሮ ያደረባቸው አይመስሉም?"

በቃ፣ አበቃልን አልኩ። ኦሊ ግን ኮቱን እየለበሰ ነበር። "ኢንጋ፣ ያንን ሣጥን ያዢ። ያሉኝን ማሾዎችም ይዤ እመጣለሁ። አንተ ግን ላውረንስ፣ የኔዎቹን እንዳትወለውልብኝ!"

ማንሲ፣ ብታያቸው! ሁለት ሽማግሌዎች አዳራሹ መሃል ጎን ለጎን ተንበርክከው። መረቧ አንዴ ከነደደች አመድ ናት፣ ጣት ከነካት ትበናለች። በዚያ ጀልባ ሲጎትት በኖረ እጁ አባባ አንዷንም ሳያበላሽ አሰራቸው። አልኮሉን አቃጥሎ ቱቦውን አሞቀ፣ ፓምፑን ነፋ ነፋ ሲያደርገው ማሾው እሽሽ አለና አዳራሹ ወገግ አለ። የሚያብለጨልጩት የአባባ፣ ጠቋቁረው የቀሩት የኦሊ፤ ብርሃናቸውን ግን ማን ከማን ይለየዋል? አባታችንን ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ጭፈራው ሲጋጋል ሳይታሰብ ኤሌክትሪኩ መጣ። ሁሉም ዓይኑን በእጁ ጋረደ። "ኧረ አጥፉልን!" ተባለ ከየጥጉ። ሙሽራው ስቱዋርት ራሱ ሄዶ አጠፋውና ጭፈራው በማሾ ብርሃን ቀጠለ። ያኔ ኦሊ፣ ወንበር ላይ ያረፈውን አባባን በክርኑ ነካ አደረገና "ተነሣ ወንድሜ፣ የበሩ ጥግ ያለችው እየደከመች ነው" አለው። አባባም ተነሥቶ ሊነፋት ሄደ።

ጆይስን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ አያቱ "አድገሃል አሉ" ይልሃል በልልኝ፤ ለትንሿ ደግሞ፣ ሜራን ከሠርግ አበባዋ አንድ ቅጠል አስቀምጣላታለች። እማዬ "ካፖርትህን አትርሳ" ብላለች፣ እናንተ ዘንድ በጋ ነው ብላትም አልሰማችኝም። አባባ ናፍቆቱን ልኮልሃል።

እህትህ ኢንጋ
ዬል ደሴት፣ ሼትላንድ
ዲሴምበር 14 ቀን 1986