አሻራ የሌለው አውራ ጣት

ጥር 5፣ እሁድ

ቤት ዋልኩ። የወጥ ቤቱን ወንበር እግር አጠበቅኩ። ሚስቴ ስድስት ወር የነዘነዘችኝ ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የአናጢ ቤት ወንበር ሁሌም እንደተንገዳገደ ነው ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ስክሪኑ ከጠቆረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማን እንደደወለ አያሳይም። አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጭኖ ማንሳት ብቻ። "ሃሎ" አልኩ። ዝም። ሲተነፍስ ይሰማኛል... እነዚህ አጭበርባሪዎች! ዘጋሁበት።

ኋላ ሚስቴ በራሷ ስልክ የመጣ መልእክት አነበበችልኝ። በአዲሱ መታወቂያ ያልተመዘገበ ቁጥር ከየካቲት 7 በኋላ ይዘጋል። የሷ ተመዝግቧል። እኔ መታወቂያውም የለኝ። ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ አለችኝ። ምን እንዲህ አስጨነቃት?

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ሦስት ሰዓት ወረፋ። የፕላስቲኩ ወንበር ወገቤን ፈጀው፤ የሠራውን ሰው ባገኘው የምነግረው አለኝ።

መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ። አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀይ መብራት። ጫን አደረግኩ። ቀይ። አሥሩንም ሞከርን። ሥራዬን ጠየቀችኝ፣ አናጢ ነኝ አልኳት። እጄን ገልብጣ አየችው።

"ተፍቆ አልቋል። አሻራ የለዎትም፣ አባባ።"

ሠላሳ አምስት ዓመት በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ሳሽ... የሚለሰልሰው እንጨቱ ብቻ መስሎኝ። ቆዳው ካረፈ ተመልሶ ይወጣል አለችኝ። እስከ የካቲት 4 እንጨት አልነካም። ቀጠሮዬ ያን ቀን ነው።

ጥር 8

ካልሆነም ቁጥሩ ይዘጋ፣ በስምሽ ሌላ እናወጣለን አልኳት ሚስቴን። ያንኑ ቁጥር ወደሷ ለማዞር የኔው አሻራ ይጠየቃል አሉ። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች።

"ልጄ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው።"

ይኸው፣ ወጣ። አራት ዓመት ስሙን አላነሳንም። ሲሄድ እሷ ስልክ አልነበራትም። ቤቱንም ከዚያ ወዲህ ቀይረናል። የሱ ቁጥር ከሄደ በሳምንቱ አልሠራም። ያን ቀን "እንዳንተ እጄን ልጬ አላረጅም" አለኝ። እኔም በዚህ በር እንዳትመለስ አልኩት። የተናደደ ሰው የሚለውን ነው ያልኩት። እሱ ግን ከልቤ መሰለው።

ሥራ ስለሚበዛ ስልኩን ከኪሴ አልለየውም እላለሁ ለሰው። ምክንያቱ ውሸት ነው።

ጥር 19፣ እሁድ

ሱቁን አጋሬ ይዞታል። ሚስቴ ጠዋትና ማታ ጣቶቼን ቫዝሊን ትቀባለች። እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ።

ያ ዝምተኛ ደግሞ ደወለ። "ሌባ! ሠርተህ ብላ!" ብዬ ጮህኩበት። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እሱ ራሱ ዘጋው።

የካቲት 3

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አውራ ጣቴ ላይ መስመር አለ! ቀጭን፣ ግን አለ። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ምን ብዬ ልጻፈው...

ወደ ቀጠሮዬ ስሄድ በሱቁ በኩል አለፍኩ። አጋሬ ከአንድ መሳቢያ ጋር ይታገላል። ያዝ አደረግኩለት፣ ሌላ ምንም። ኮላ ነካኝ። እንዲህ ቆሽሼ ቢሮ ልገባ ነው? ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈገፈግኳቸው። እኛ ኮላ የምናስለቅቀው እንደዚህ ነው። እጄ ራሱ ነው የሠራው፣ እኔ አላሰብኩም።

ንጹሕ እጅ ይዤ ቀረብኩ። ቀይ መብራት። መዝጋቢዋ ምን አደረጉት አለችኝ፣ ነገርኳት። ቀጣዩ ወረፋ መጋቢት 12 ነው።

ሚስቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 8

ተዘጋ።

መጋቢት 12

አረንጓዴ መብራት። በአንዴ። መዝጋቢዋ ከኔ በላይ ደስ አላት። ከዚያው ወደ ስልክ ቢሮ ገሰገስኩ።

ከተዘጋ ሠላሳ ቀን ያለፈው ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፣ መመሪያ ነው አለኝ ሠራተኛው። የኔም ተሰጥቷል። ለመንኩት። እኔ፣ ሰው ለምኜ የማላውቀው። ከኋላዬ የተሰለፉት መሬት መሬት ያያሉ። አዲስ ቁጥር ሰጠኝ። ስልክም ገዛሁ፣ ስክሪኑ የሚያበራ። ምን ያደርግልኛል?

ሚያዝያ 6፣ እሁድ

ሚስቴ ሦስት ሳምንት ወተወተችኝ። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላስቸግር? ዛሬ ግን በገዛ ቁጥሬ ላይ ደወልኩ።

ሴት አነሳች። ልብስ ሰፊ ናት፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ቁጥሩ የኔ እንደነበር፣ ልጄ ምናልባት እንደሚደውል እየተንተባተብኩ ነገርኳት። መኪናውን አቆመች።

"አባባ፣ ሁለት እሁድ አንድ ሰው ደውሎ ነበር። አያወራም። ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።"

እሁድ። ዝም የሚል... ሌባ ያልኩት ማንን ነው?

ከስልኳ ፈልጋ ቁጥሩን አነበበችልኝ። በሥራ እርሳሴ ያጠበቅኩት ወንበር ላይ ጻፍኩት። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ትከሻዬን ይዛለች። ደወልኩ።

"ሃሎ?" አለ። ድምፁ ጎርንኗል።

ይቅርታ ልል ነበር፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። አሁን ሰድቦኝ ይዘጋዋል አልኩ፣ እንደኔ።

አልዘጋውም። ቆየ፣ ቆየና...

"አባዬ?" አለ።